ድምፅዋ የሌለበት ፊልም

እታለሜ ያለችበት አንድ ፊልም አለኝ። አጭር ናት፤ ሻይ አዝዘህ ሻዩ ሳይበርድ ታልቃለች። በዚያች ፊልም ውስጥ እታለሜ በርበሬ ትለቅማለች፣ ታሰጣለች፣ ትመርጣለች፣ ወገቧን ይዛ ቀና ትልና መንገድ መንገዱን ታያለች። መልኳ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የአንገቷ ንቅሳት፣ የማተቧ ክር፣ በርበሬ ያቃጠለው የጣቷ ጫፍ፣ ሁሉም አለ። አንድ ነገር ብቻ የለም፤ ድምፅዋ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ቃል አትተነፍስም። ፊልሟን ያየ ሁሉ ዝምታዋ እንዴት እንደሚያምር ይነግረኛል። እኔ ደግሞ በሆዴ፣ ዝምታዋ የት አባቱ፣ እላለሁ። ዝምታዋንማ መቃብሯም አይነፍገኝም። እኔን የናፈቀኝ ንግግሯ ነው።

እታለሜ ታላቅ እህቴ ናት። በእኛ አገር ታላቅ እህትን በስሟ መጥራት ድፍረት ነው፤ እታለም ነው የምትባል። እሷም እኔን ወንድማለም ትለኛለች፤ ስሜን ከአፏ ሰምቼ አላውቅም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እናታችን ስታርፍ እኔ ገና ድክ ድክ የምል ነበርኩ። አዝላ ያሳደገችኝ እሷ፣ ስታገባም ከጓዟ ጋር ቆጥራ ይዛኝ የሄደች እሷ። ባሏ በጊዜ ሞተባት፣ ልጅም አልሰጣትም፤ ልጇም ወንድሟም እኔው ሆኜ ቀረሁ። ቤቷ ከቡሬ ወጣ ብሎ በነቀምት መንገድ በኩል ነው፤ ከአስፋልቱ ወርደህ በእግር ትንሽ ትገባለህ። መሬቷን ለእኩል ሰጥታ ታሳርሳለች፤ የበርበሬውን ማሳ ግን ለማንም አትሰጥም ነበር። በርበሬ እንደ ልጅ ነው፣ ሰው እጅ አይሰጥም ትላለች።

እኔ ፍኖተ ሰላም ላይ ፎቶ ቤት አለኝ። በአዘቦቱ ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፤ ጥር ሲገባ ሰርግ እቀርፃለሁ። ሰርግ ቀራጭ ስል እንዳትንቁኝ፤ ከጂጋ እስከ ቡሬ የኔን ካሜራ ሳያይ የተዳረ ሙሽራ ጥቂት ነው። ጽጌረዳ ከሰማይ አዘንባለሁ። ሙሽራዋን በልብ ቅርፅ ውስጥ አስገባታለሁ። ሙሽራው ከመኪና ሲወርድ እግሩን ቀስ አድርጌ፣ ቀስ አድርጌ፣ መሬት ሳይነካ ዘፈኑ ግማሽ እስኪደርስ አቆየዋለሁ። ዘፈኑ! ዋናው እሱ ነው። የሰርግ ቪዲዮ ስንሠራ የተቀዳውን ድምፅ ሙልጭ አድርገን አጥፍተን ከላይ ዘፈን እንጭናለን። ደንበኛውም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የጄኔሬተሩን ጩኸት፣ የውሻውን፣ የሰካራሙን፣ ማን ይስማ ይላል። ሽማግሌው ቆመው ሲመርቁ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ የሚሰማው ግን ኦርጋን ነው። አንድም ሰው ቅር ብሎት አያውቅም።

አንድ ኅዳር ላይ ከአዲስ አበባ የፊልም ባለሙያዎች መጥተው ሊያሠለጥኑ ነው ተባለ። ጾመ ነቢያት ገብቷል፣ ሰርግ የለም፣ እጄን አጣጥፌ ከመቀመጥ ብዬ ተመዘገብኩ። እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ የጠየቅሁት ሰርተፍኬት አለው ወይ ብዬ ነው። ከመጡት ውስጥ ሁለቱ ከልቤ አልወጡም። አንደኛው ዳይሬክተሩ ናቸው፤ ባርኔጣቸውን ከራሳቸው የማያወርዱ፣ ሲናገሩ የሚያንሾካሹኩ የሚመስሉ ሽማግሌ። ፊልም በጥቅል እየታጠበ በሚሠራበት ዘመን የጀመሩ ናቸው። ጋሼ እንላቸው ነበር። ሁለተኛዋ የድምፅ ባለሙያዋ ናት፤ ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች፣ ማዳመጫዋን ከአንገቷ የማታወልቅ። ሰው ሲያናግራት ፊቱን ሳይሆን መሬት መሬት እያየች ነው የምታዳምጥ። ንቃን ነው ብለን አምተናታል።

በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዳችን የሠራነውን አሳየን። እኔ ደረቴን ነፍቼ ምርጥ ያልኩትን ሰርግ ከፈትኩ። ጋሼ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዩና ይህች ጽጌረዳ ከየት መጣች አሉኝ። ከኮምፒውተሩ አልኩ። ሙሽራዋ ታውቃታለች ወይ አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። ከዚያ የድምፅ ባለሙያዋ፣ ሰርጉ ላይ ያሉት ሽማግሌ ምን ብለው ነው የሚመርቁት ስትል ጠየቀችኝ። ምርቃት ነዋ፣ እንደ ሁሉም ምርቃት፣ አልኳት። አልሳቀችብኝም፤ ራሷን ነቀነቀች። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ ሁለተኛ አልመለስም ብዬ ምዬ ነበር። ተመለስኩ፤ ሰርተፍኬቱ አለ አይደል።

እያደር ግን ነገሩ ያዘኝ። ጋሼ ካሜራችንን ቆልፈው ገበያ ይሰዱናል። ዓይናችሁን አንድ ሰው ላይ ጣሉ ይሉናል፤ ምን እንደሚሸጥ ሳይሆን ምን እንደሚፈልግ ነግራችሁኝ ግቡ። አንዱ ባጃጅ ሲጠብቅ የዋለ ሽማግሌ አየሁ ይላል፤ ጋሼ ባጃጁን ነው የሚፈልጉት ወይስ ቤት መድረሱን፣ ቤት ማን አለ፣ እያሉ ያፋጥጡታል። አንድ ጊዜ እንዲህ አሉን፤

«ፊልም ማለት አንድ ሰው አንድ ነገር ሲፈልግ፣ ያ ነገር ደግሞ እምቢ ሲለው ነው። የቀረው ጌጥ ነው።»

ቀላል ነገር ይመስላል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ፎቶ ሊነሳ የሚመጣውን ሰው ሁሉ፣ ይሄ ምን ፈልጎ ነው እያልኩ ማየት ጀመርኩ። የድምፅ ባለሙያዋ ደግሞ ላህ ወንዝ ዳር ወስዳ ዓይናችንን አስጨፍና ታስቀምጠናለች። ምን ሰማችሁ ትላለች። ውኃ እንላለን። ሌላስ ትላለች። የጋሪ ፈረስ እንላለን። ባዶ ነው ወይስ ጭኖ ነው ትላለች። ጉድ ነው! ጥቂት ቀን ስትቆይ እውነትም ባዶው ጋሪና የጫነው ጋሪ ይለይልህ ጀመር። መሬት መሬት የምታየው ንቃን እንዳልሆነ ያኔ ገባን፤ በዓይኗ ጆሮዋን ላለመረበሽ ነው።

መጨረሻ ላይ እያንዳንዳችሁ አጭር ፊልም ትሠራላችሁ፣ አንድ ነገር የሚፈልግ ሰው ፈልጉ ተባልን። እኔ እታለሜ ትዝ አለችኝ። በየዓመቱ በርበሬዋን ስትመርጥ፣ ቀዩን፣ ረጅሙን፣ ያልተጨማደደውን ዛላ ለብቻው ታስቀምጣለች። የወንድማለም ነው ትላለች፤ ለገበያ ሲሸጥ አንድ ዛላ አትነካበትም። እኔ ደግሞ ፍኖተ ሰላም ቁጭ ብዬ ሥራ በዛብኝ፣ እሁድ እመጣለሁ፣ ለገና እመጣለሁ እያልኩ የምኖር ሰው ነኝ። በደህና ቀን ሚኒባስ ውስጥ ከጎንህ ካለው ሰው ጋር ወሬህን ሳትጨርስ የምትደርስበት መንገድ እኮ ነው። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ባርኔጣቸውን ወደኋላ ገፋ አደረጉና አገኘህ አሉኝ። ሴትዮዋ ትመርጣለች፣ ታስቀምጣለች፣ ትጠብቃለች፤ የሚጠበቀው ሰው በፊልሙ ውስጥ አይታይም። ካሜራውን ራስህ ያዝ አሉኝ።

ጋሼ፣ የድምፅ ባለሙያዋና እኔ ሦስታችን ወደ ቡሬ ሄድን። ማሳው ቀልቷል፣ የእታለሜ ግቢ ውስጥ የተሰጣው ዛላ ዓይን ያማል። እታለሜ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጥታ ጉልበት ልትስም እስክትደርስ ጎንበስ ብላ ተቀበለቻቸው። ነገሩን አስረዳኋት፤ ከማሳው ተነሥተሽ በርበሬውን ተሸክመሽ በዚህ በኩል በፊታችን ታልፊያለሽ፣ እኛ እንደሌለን ነው የምትቆጥሪው አልኳት። ቆማችሁ እያየኋችሁ እንዴት አድርጌ ነው የሌላችሁ የምትሆኑት አለች። ብቻ እለፊ፣ ወደኛ እንዳታዪ አልኳት። እሺ አለች።

ካሜራው ተነሣ፤ ሁላችንም ጸጥ አልን። ከታች ጆንያዋን አዝላ ብቅ አለች፣ መጣች፣ መጣች፣ ልክ ፊታችን ስትደርስ ቆም ብላ ሸክሟን እንዳዘለች ጎንበስ አለች።

«እንደምን ዋላችሁ?»

የሚመልስላት የለም። ሲቀረጽ መናገር ክልክል ነው። ጋሼ በእጃቸው አስቆሙና እንደገና ተባለ። እንደገና መጣች። ከሩቅ ስታያት ቁጣዋን ውጣ የምትሄድ ነው የምትመስል፤ ፊታችን ስትደርስ ግን አንገቷ በራሱ ጊዜ ጎንበስ ይላል። እንደምን ዋላችሁ፣ ደህና ናችሁ ወይ፣ ከብቱስ፣ ሰዉስ። እንደገና። አንዴ ጨክና አለፈችን፤ እፎይ ስንል ከኋላችን ቀስ ብሎ፣ እንደምን ዋላችሁ፣ የሚል መጣ። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። ራሳቸው ላይ ፀጉር እንደሌለ ያወቅነው ያን ቀን ነው።

እታለሜ ግን አልሳቀችም። ወደ ጎን ጎትታኝ ምን አድርጌአቸው ነው የማይመልሱልኝ አለች። በእኛ አገር ሰው በሰው ፊት ዝም ብሎ ካለፈ ወይ ተቀያይሟል ወይ ደም አለበት። ሰላም ብሎ ዝም የተባለ ሰው ደግሞ ያን ሌሊት አይተኛም። እኔ ፊልም ነው፣ ሕጉ ነው እያልኩ ስለፈልፍ ጋሼ ሰምተው ኖሮ መጡና ካሜራውን ክተት አሉኝ። ፀሐይዋ እያማረች ነው አልኳቸው።

«ሰላምታው ሳያልቅ ሥራ የለም። ሰው እንግዳ አይረሳም፤ ቤተኛን ግን ይረሳል። መጀመሪያ ቤተኛ ሁን፣ ከዚያ ካሜራህን ታነሣለህ» አሉ።

ከዚያ ያ ቀን በሙሉ ሰላምታ ሆነ። ጋሼ ሰሌን ላይ ተቀምጠው ስለ ከብቱ ጠየቁ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁ፣ ስለ ሟች ባሏ ጠየቁ። እሷም በተራዋ የእሳቸውን ዘር ማንዘር አወጣጣች። የድምፅ ባለሙያዋ ከእታለሜ ጋር ተቀምጣ የበርበሬ ግንድ ስትቀነጥስ ዋለችና በዚያው እጇ ዓይኗን ነክታ እንባዋ ወረደ። እታለሜ እኔን፣ እኔን እያለች በውኃ አጠበችላት፤ ከዚያ በኋላ ልጄ ብቻ ሆነ ስሟ። ጾም ነውና እታለሜ ራሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንዳች ሳትቀምስ ለእንግዶቹ ቆሎ፣ ሹሮ፣ ኑግ ስታቀርብ ዋለች። እኔም ከእሷ ጋር ጾምኩ። በፍኖተ ሰላም እኮ ጾሜን እስከ ስድስት ነው የምይዘው፤ እታለሜ ፊት ግን ሌላ ሰው ነኝ።

በማግስቱ በፊታችን አለፈች። እኛን የበረት ምሰሶ ያህል እንኳ አልቆጠረችንም። ጋሼ ትከሻዬን ጨበጥ አደረጉኝ። የፊተኛውን ቀን ቀረፃ በሙሉ፣ ያን ሁሉ እንደምን ዋላችሁ፣ ከካሜራው አጠፋሁት። ሜሞሪው ጠባብ ነው፤ የማይሆነውን እያጠፉ ለሚሆነው ቦታ መልቀቅ የተለመደ ነው፣ ሰርግ ቤትም እንዲሁ ነው። የዚያን ቀን የድምፅ ባለሙያዋ መቅጃዋን ከሻንጣዋ ገና አላወጣችም ነበር፤ ድምፁ በካሜራው ላይ ነበርና ከምስሉ ጋር አብሮ ሄደ። በማግስቱ ደግሞ ጋሼ ንግግር አይኑር፣ ፊቷ ይበቃል አሉ።

የመጨረሻው ቀረፃ መንገዱን የምታይበት ነው። ቁጭ ብላ ትመርጣለች፣ ጥሩውን ዛላ ለብቻው ታስቀምጣለች፣ ከዚያ ቀና ብላ የሚመጣ ሰው ካለ ታያለች። እዚህ ላይ አልሆነላትም። ቀና በይ ስንላት ቀና ትላለች፣ ዓይኗ ግን የሚያርፍበት የለም። ጋሼ ካሜራውን ተቀበሉኝና ሂድ አሉኝ፤ ከባሕር ዛፉ ወዲያ ካሜራ የማያይህ ቦታ ሂድና ቁም። ሄድኩ፣ ቆምኩ። እታለሜ እየመረጠች፣ እየመረጠች፣ ቀና አለች። አየችኝ። ያን አስተያየት አሁን በፊልሙ ውስጥ ያየ ሁሉ፣ ማንን ነው እንዲህ የምታየው፣ ምን ነግራችኋት ነው ይላል። ማንም ምንም አልነገራት። እኔን ነው የምታየው።

ፊልሙ በአዳራሹ ሲታይ እታለሜን ከቡሬ አስመጣኋት። ነጭ በነጭ ለብሳ ከፊት ተቀመጠች። ሲጨበጨብ ሰውን ተከትላ ለራሷ አጨበጨበች። እንዴት ነው እታለሜ አልኳት፤ ሙገሳ እየጠበቅሁ።

«ደግ ነው። ግን ምነው ዲዳ አደረጋችሁኝ?» አለችኝ።

ሳቅሁ፤ እሷም ሳቀች። ጋሼ ሲሰሙ እሳቸውም ሳቁ። ልክ ነበሩ፣ አሁንም ልክ ናቸው እላለሁ፤ ንግግር ቢኖርበት ያ ፊልም ያ ፊልም አይሆንም ነበር። እሳቸው ለፊልሙ የሚበጀውን አደረጉ። እህት ያጣሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። ባለሙያዎቹ በዓመቱ እንመለሳለን ብለው ነበር፤ ማን በየት በኩል ይመለሳል። መንገድ ተዘጋ፣ ኔትወርክ ጠፋ። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ፣ አንድ እናት የወለደቻቸው ከተሞች፣ ባሕር ማዶ ለባሕር ማዶ ሆኑ። እታለሜ መታመሟን የሰማሁት ከእግረኛ ነው። ያ እግረኛ ከነገረኝ በኋላ ስንት ጊዜ መናኸሪያ ሄጄ እንደተመለስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። መንገዱ ላላ ሲል ግማሹን በመኪና፣ ግማሹን በእግሬ ብዬ ደረስኩ። ሠልስቷ አልፏል። ጎረቤቶቿ የሞተ ተጎዳ እያሉ አጽናኑኝ። በሆዴ ግን፣ እሷስ አረፈች፣ የተጎዳሁስ እኔ ነኝ አልኩ።

አንድ ቀን ፎቶ ቤቴ ተቀምጬ ወንድማለም የምትለው ነገር ትዝ አለኝ። ቃሉ አለ፤ ድምፁ የለም። እንዴት ነበር የምትለው? መጨረሻው ላይ ትስበዋለች ወይስ ትቆርጠዋለች? ራሴ አልኩት፣ በእሷ አፍ ሊመጣልኝ አልቻለም። ሰው ሲሞት አንዴ ነው የሚሞት ይባላል፤ ውሸት ነው። መጀመሪያ ራሱ ይሞታል፣ ከዚያ ድምፁ ከሰው ጆሮ ውስጥ ቀስ እያለ ይሞታል። ያን ሁለተኛውን ሞቷን መቅደም አለብኝ አልኩ።

የዘመድ ሰርግ ሁሉ የቀረፅሁት እኔ ነኝ፤ በየቤቱ እየዞርኩ ሲዲ ሰበሰብኩ። አለች እታለሜ። የአክስታችን ልጅ ስትዳር ሴቶቹን እየመራች ትዘፍናለች፣ አፏን ከፍታ እልል ትላለች፣ ሙሽራዋን እቅፍ አድርጋ ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር ትላታለች። የሚሰማው ኦርጋን ነው። ሌላ ከፈትኩ፤ ኦርጋን። ሌላ ከፈትኩ፤ ያው። ዋናው ቅጂ ከጠፋ ስንት ዘመኑ። ስክሪኑን በቡጢ ልለው ነበር። ሙሽራዋን አግኝቼ ምን ነበር ያለችሽ ብዬ ጠየቅኋት፤ ልጅቱ አሰበች አሰበችና ረሳሁት አለችኝ። እሷም እኮ በቪዲዮው ተማምና ነው።

ኔትወርክ ሲለቀቅ ለጋሼ ደወልኩ። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። አዲስ አበባ ያለው ቅጂም ያው ፊልሙ ነው፣ ከፊልሙ የተረፈ ምስል የለም አሉኝ። ግን ያቺ የድምፅ ባለሙያ ልጅ ሳል እንኳ አትጥልም፣ ለእሷ ደውል አሉኝ። ደወልኩላት። የእታለሜን ማረፍ ስነግራት እኔን እኮ ልጄ ነበር የምትለኝ አለች። ልፈልግ፣ ካገኘሁ በመንገደኛ እልክልሃለሁ አለችኝ። ከዚያ ኔትወርኩ ተመልሶ ጠፋ። ጠበቅሁ። ፊልሙ ውስጥ እታለሜ የምትጠብቀውን ጥበቃ፣ እኔ ደግሞ መናኸሪያው ላይ ከደብረ ማርቆስ የሚገባውን መኪና ሁሉ እያየሁ ጠበቅሁ። አንድ መኪና ሲገባ ሁለቱ ይቀራል። ምናለ ያኔ አንድ እሁድ ብሄድላት ያስብላል፤ ሰው መጠበቅ እንዴት ሆድ እንደሚያባባ ደርሶብኝ አወቅሁት።

አንድ መንገደኛ መጥቶ በመድኃኒት ካርቶን ውስጥ በሶፍት የተጠቀለለች ሜሞሪ ሰጠኝ። ኔትወርኩ ብቅ ባለበት ቀን በስልክ አስጠንቅቃኛለች። ብዙ እንዳትጠብቅ፣ አብዛኛው በርበሬና ወፍ ነው ብላኛለች፤ ግን ድምፅዋ አንድ ቦታ ላይ አለ፣ ራስህ ስማው።

ከቀትር በኋላ ነበር። አንድ አባት ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሊነሡ መጥተው መስታወቱ ፊት ቆመው ኮሌታቸውን ያስተካክላሉ። ትንሽ ይታገሡኝ አባቴ አልኳቸውና ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ዛላ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። የእግር ኮቴ፣ ዶሮ፣ ከሩቅ በሬ የሚያስገባ ሰው። እታለሜ የለችም። ሁለተኛውን ከፈትኩ፣ ሦስተኛውን ከፈትኩ፣ የለችም። መጨረሻው ላይ የድምፅ ባለሙያዋ የራሷ ድምፅ መጣ፤ የቤቱ ዝምታ፣ ሁላችሁም ባላችሁበት ቁሙ ትላለች።

ይሄኔ ታወሰኝ። አንድ ቦታ ተቀርፆ ሲያልቅ ያለነውን ሰዎች ሁሉ ቀጥ አድርጋ ታቆመንና የቦታውን ዝምታ ትቀዳለች። የአንዱ ቤት ዝምታና የሌላው ቤት ዝምታ አንድ አይደለም ትል ነበር፤ ፊልሙ ሲቆራረጥ ድምፅ የሚጎድልበትን ቦታ በዚያው ቤት ዝምታ ትሞላዋለች። በእታለሜ ቤትም አቆመችን። ጋሼ ደጃፍ ላይ፣ እሷ ከመቅጃዋ ጋር፣ እኔ ከእታለሜ ጎን ግድግዳውን ተደግፌ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረው፤ ሁለታችንም እህል አልቀመስንም።

ጆሮዬ ውስጥ ዝምታው ሄደ። ዝንብ አለ። ፀሐይ የመታው ዛላ አንዳንዴ ጠሽ ይላል። ከዚያ እዚሁ አጠገቤ፣ አፏን ወደ ጆሮዬ አስጠግታ፣ ክልክል መሆኑን እያወቀች፣ ድምፅዋን አፍና፤

«ወንድማለም፣ ራበህ?»

ትስበዋለች። መጨረሻውን ትስበዋለች።

ከዚያ መልስ የለም። ያኔ ጣቴን አፌ ላይ አድርጌ ራሴን በአሉታ ነቀነቅሁላት፤ የራስ መነቅነቅ ደግሞ አይቀዳም። መቅጃው ውስጥ ያለው እንዲህ ነው፤ እሷ ትጠይቃለች፣ ማንም አይመልስላትም፣ ዝምታው ይቀጥላል፣ ያልቃል። መልሼ ከፈትኩት። ጠየቀችኝ። መልሼ ከፈትኩት። ጠየቀችኝ። እንባዬ ኪቦርዱ ላይ ይወርዳል፤ አባትየው ከመስታወቱ ዞር ብለው ምን ሆንክ ልጄ እያሉ ነው መሰለኝ፣ አፋቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ አልሰማቸውም።

«አዎ እታለሜ» አልኩ፣ ሰው ይስማ አይስማ ሳልል። «ራበኝ።»